የውጭ ግድግዳ ስንጥቅ፦ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት

ቀለም ስንጥቅ አይደፍንም፤ ለጥቂት ወራት ይሸፍነዋል እንጂ። ግድግዳው ላይ ደርቆ የሚቀረው የቀለም ሽፋን እጅግ ስስ ነው። ከሥሩ ያለው ስንጥቅ ትንሽ ሲከፈት ሽፋኑም አብሮ ይቀደዳል። ከዚያ የክረምቱ ዝናብ በዚያች ቀጭን መስመር ገብቶ ከቀለሙ ጀርባ ይተኛል። ፀሐይ ስትወጣ ውሃው መውጫ ያጣና ቀለሙን ያሳብጠዋል፤ ቆይቶም ይልጠዋል። ባለቤቱ "ቀለሙ አይረባም ነበር" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቀለሙ ምንም አላጠፋም።

እዚህ የማወራው በብሎኬት ተገንብቶ በሲሚንቶ ስለተለሰነ ቤት ነው፤ አዲስ አበባና ዙሪያዋ በብዛት የምናየው ዓይነት። የጭቃ ቤት የራሱ አሠራር ስላለው ወደ ኋላ ላይ ለብቻው አነሳዋለሁ። ስለ ትናንሽ ስንጥቆች እንጂ ቤት ስለሚያፈርስ ችግር አይደለም የምጽፈው። ሁለቱን መለየት ግን የሥራው ግማሽ ነው።

ማንም ሰው መዶሻ ከማንሳቱ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅ እፈልጋለሁ። ይሄ ስንጥቅ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው ወይስ አቁሟል? የምትገዙት መድፈኛ፣ የምትሠሩበት ወር፣ መሐንዲስ መጥራት አለመጥራታችሁ፣ ሁሉም የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

ቆሟል ወይስ ይንቀሳቀሳል?

ለማወቅ የሚያስፈልገው እርሳስ ነው። ስንጥቁ የሚያልቅበት ቦታ ላይ፣ በሁለቱም ጫፍ፣ አጭር መስመር አስምሩና አጠገቡ ቀኑን ጻፉ። ሰፋ ያለው ቦታ ላይ ደግሞ ማስመሪያ አስደግፋችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ግማሽ ሚሊ ሜትርን በዓይን መለየት ይከብዳል፤ ፎቶውን አጉልታችሁ ስታዩት ግን ይታያል። በየወሩ ተመለሱና ያንኑ ቦታ አንሱት። ስንጥቁ ከእርሳሱ ምልክት አልፎ ከሄደ ወይም ከሰፋ እየተንቀሳቀሰ ነው።

ግንበኞች የሚጠቀሙበት ሌላ ዘዴም አለ። ስንጥቁን የሚሻገር ትንሽ የጀሶ ልጥፍ ማድረግ ነው። ቀለሙ ተፍቆ ልስኑ ላይ በቀጥታ መለጠፍ አለበት። ጀሶ አይለጠጥም። ስለዚህ ግድግዳው ትንሽ እንኳ ቢንቀሳቀስ ልጥፉ ይሰነጠቃል። ይሄ ለበጋ ብቻ ነው፤ ዝናብ ላይ ጀሶው ራሱ ይበላሻል።

ስለ ስፋት ከተነሳ፣ የእንግሊዝ የሕንፃ ምርምር ተቋም ያወጣው ደረጃ ብዙ ቦታ ይጠቀሳል። ከ0.1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እስከ 1 ሚሊ ሜትር ያለው ቀጭን ስንጥቅ ነው፤ ግድግዳው ለቀለም ሲዘጋጅ አብሮ ይስተካከላል። እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያለው በቀላሉ ይደፈናል። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ግን ግንቡ ራሱ ተከፍቶ መጠገን ሊኖርበት ይችላል። ጥሩ መነሻ ነው። ቢሆንም ስፋት ብቻውን አይበቃም። ስንጥቁ የት እንዳለና ወደየት እንደሚሄድ የበለጠ ይናገራል።

ፊቱ ሁሉ ላይ የተበተነ፣ መስመር የሌለው፣ ውሃው የደረቀ ኩሬ መሬት የሚመስል ስንጥቅ ካያችሁ ልስኑ ሲደርቅ ስለተኮማተረ ነው። ሲሚንቶ ውሃው ሲወጣ መጠኑ ይቀንሳል። ሲሚንቶ በበዛ ቁጥር መኮማተሩም ይበዛል። "ሲሚንቶ ጨምርበት፣ ይጠንክር" የሚለው ምክር ለልስን ጉዳት የሚያመጣው ለዚህ ነው። አፈር የበዛበት አሸዋ፣ በቀትር ፀሐይ መለሰንና ከዚያ በኋላ ውሃ አለማጠጣትም ያው ውጤት አላቸው። ደስ የሚለው፣ ይህ ዓይነቱ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ወራት በኋላ ይቆማል። ልስኑን በጣታችሁ መገጣጠሚያ ወይም በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጉት። ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ከብሎኬቱ ጋር እንደተያያዘ ነው። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ግን ለቋል፤ መድፈን አያድነውም፤ መነሳትና እንደ አዲስ መለሰን አለበት።

ሌላው በጣም የተለመደው ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች፣ ወይም ከቢሙ (አግዳሚው የኮንክሪት ተሸካሚ) ሥር አግድም የሚሄድ መስመር ነው። እኛ አገር አብዛኛው ቤት መጀመሪያ ኮለኑ፣ ማለትም ቋሚው የኮንክሪት ምሰሶ፣ እና ቢሙ ይቆማል፤ ከዚያ መሃሉ በብሎኬት ይሞላል። ኮንክሪትና ብሎኬት በሙቀትና በእርጥበት እኩል አይሰፉም፣ እኩል አይጠቡም። ልስኑ ሁለቱን በአንድ ላይ ሸፍኗቸዋል። ስለዚህ ልክ በመገጣጠሚያቸው ላይ ይሰነጠቃል። ኮንክሪት ለእያንዳንዱ ዲግሪ በአንድ ሜትር 0.01 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለጠጣል። ትንሽ ይመስላል። ግን የአዲስ አበባን ኅዳርና ታኅሣሥ አስቡት፤ ሌሊቱ ብርድ፣ ቀኑ ፀሐይ። የግድግዳው ፊት ከንጋት እስከ ቀትር 20 ዲግሪ ቢሞቅ 10 ሜትር ግድግዳ 2 ሚሊ ሜትር ያህል መንቀሳቀስ ይፈልጋል። በየቀኑ ማለት ነው። ጠቆር ያለ ቀለም ከቀባችሁ ደግሞ ሙቀቱ ይብሳል። ይህን ስንጥቅ በማይለጠጥ ሲሚንቶ ብትደፍኑት ተመልሶ ይመጣል።

ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ አለ። ማዕዘን ጫና የሚሰበሰብበት ቦታ ስለሆነ ግድግዳው መጀመሪያ የሚከፈተው እዚያ ነው። ቀጭን ከሆነና ከቆመ ይደፈናል። በብሎኬቶቹ መገጣጠሚያ ተከትሎ የደረጃ ቅርጽ እየሠራ የሚወርድ ከሆነ ግን ነገሩ ከመሠረት ሊሆን ይችላል።

ጥቁር አፈር ላይ ከሆናችሁ

ይህን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። በቦሌ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ወደ ቢሾፍቱም ስትወርዱ ብዙ ቤት የቆመው ጥቁር አፈር ላይ ነው። ይህ አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል። የእርሻ መሬቱን በየካቲት ያየ ሰው ያውቀዋል፤ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይታይበታል። ቤቱ መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ ከአፈሩ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። በተለይ ጠርዝ ጠርዙ፤ ምክንያቱም መሃሉ ጣሪያ ስላለበት ብዙም አይረጥብም፣ ብዙም አይደርቅም።

እንዲህ ያለ ቤት ስንጥቁ ወቅት አለው። ነሐሴ ላይ ጥብብ ብሎ ይዘጋል። "ዳነ" ብላችሁ ትቀባላችሁ። ጥርና የካቲት ላይ ይከፈታል። ስለዚህ ጥቁር አፈር ላይ ያለ ቤት በአንድና በሁለት ወር ክትትል አይፈረድበትም። አንዴ ክረምት ላይ፣ አንዴ በጋው ሲገፋ ለኩት። ልዩነት ካለ ስንጥቁ ሕያው ነው።

ግድግዳው ሥር የተተከለ ባሕር ዛፍም ልብ በሉ። ሥሩ ከአፈሩ ውሃ ስለሚመጥ አንዱን ጎን ብቻ ያደርቀዋል፤ ያ ጎን ይሰምጣል። ግድግዳው ሥር ያለ፣ ሁልጊዜ ውሃ የሚጠጣ የአበባ መደብ ደግሞ በተቃራኒው አንዱን ጎን ያሳብጠዋል። ከቤቱ ዙሪያ ወደ ውጭ ዘመም ያለ የሲሚንቶ ወለል መሥራትና የጣሪያውን ውሃ በቱቦ ራቅ አድርጎ መልቀቅ አፈሩን ያረጋጋዋል። እኔ ቢሆን ለቀለም ከያዝኩት ገንዘብ ቀንሼም ቢሆን ይህን አስቀድማለሁ።

መሐንዲስ የሚጠራው መቼ ነው? ስንጥቁ ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ያው ስንጥቅ ከቤት ውስጥም ከታየ፣ አንዱ ጎን ከሌላው ወጣ ብሎ ከተገኘ፣ በርና መስኮት አልዘጋ ማለት ከጀመረ፣ ወይም ስንጥቁ ኮለኑን ወይም ቢሙን ራሱን ከቆረጠው። ኮለን ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ቡናማ የዝገት ቀለም ያለው መስመርም አንዱ ነው። ውስጡ ያለው ብረት ሲዝግ ያብጥና ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል። ከላይ ብትለስኑት ዝገቱ ይቀጥላል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የታየ አዲስ ስንጥቅ ካላችሁና ኮለን ወይም ቢም ላይ ከሆነ ሳይታይ አትሸፍኑት።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ስንጥቅ ከመድፈን በፊት ውሃውን አቁሙ። ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዛችሁ ቤቱን አንድ ጊዜ ዙሩት። አሸንዳው የት ጋ ያፈሳል? ቱቦው የት ተሰንጥቋል? ሮቶው ሲሞላ የሚተርፈው ውሃ በየትኛው ግድግዳ ላይ ይወርዳል? ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው ቤት ከሆነ ከላይ ያለው አጭር ግንብ ጫፉ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቅና ውሃ ከአናቱ ይገባል። እርጥበቱ ታች ወጥቶ ስለሚታይ ሰው ታች ያለውን ስንጥቅ ሲደፍን ይኖራል። የመስኮቱ ደፍ ወደ ውጭ ማዘንበሉንም እዩ። ወደ ውስጥ ካዘነበለ እያንዳንዱ ዝናብ ግድግዳው ውስጥ ይገባል።

ግድግዳው መድረቁን በቀላሉ መፈተን ይቻላል። የክንድ ያህል ስፋት ያለው ላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርጉና ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉት። በማግስቱ አንሱት። ከላስቲኩ ጀርባ ጠል ከቋጠረ ወይም ልስኑ ከጠቆረ ገና ነው። ነጭ፣ ጨው የመሰለ ዱቄት የሚያወጣ ግድግዳም ውሃ አለበት ማለት ነው። ውሃው ከውስጥ ጨው ይዞ ወጥቶ ፊቱ ላይ ይተወዋል። ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። በውሃ ብታጥቡት ጨው ተመልሶ ይሰርጋል።

አረንጓዴና ጥቁር ሻጋታ ካለ አንድ እጅ በረኪና ለሦስት እጅ ውሃ ቀላቅላችሁ ቀቡት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ በብሩሽ ፈትጋችሁ በውሃ እጠቡት። ጓንት አድርጉ፤ በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። ሻጋታው ላይ የተቀባ ቀለም ከሻጋታው ጋር አብሮ ይነሳል።

ስንጥቁን መክፈትና መድፈን

ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ይሄ ነው። ስንጥቅ ለመደፈን መጀመሪያ መስፋት አለበት። መድፈኛው በስስ መስመር ውስጥ አይገባም፤ አፉ ላይ ብቻ ተለጥፎ ይቀራል፤ በመጀመሪያው ሙቀት ይነሳል።

ሹል መሮ ወይም የስፓቱላ ጫፍ ይዛችሁ ስንጥቁን ተከተሉ። ከግማሽ እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ጥልቀቱም እንዲሁ። በልስኑ ውፍረት መጠን ሂዱ፤ ብሎኬቱን አትፈንቅሉ። ከጠንካራ መዶሻ ምት ይልቅ ቀላል ቀላል ምት ይሻላል፤ ጠንካራው አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ልስን ያላቅቃል። ሊነሳ የሚፈልገውን ሁሉ ይነሳ፤ ለቆ የቆየ ልስን ላይ መሥራት በከንቱ መድከም ነው። ስንጥቁ ካለቀበት ትንሽ አልፋችሁ ቁረጡ፤ ጫፉ ብዙ ጊዜ ዓይን ከሚያየው ይረዝማል። አቧራ እንዳይገባባችሁ አፍንጫና ዓይናችሁን ሸፍኑ። ግድግዳው አሮጌ የዘይት ቀለም ካለበት ቀለሙ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላልና በደረቁ አትፋቁት፤ እያረጠባችሁ ፋቁ፣ ልጆችን አርቁ፣ ፍርፋሪውን ሰብስቡ።

ቀጥሎ አቧራውን በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ አውጡ። አንዳንድ ሠራተኛ እፍ ብሎ ያልፈዋል። አይበቃም። አቧራ ላይ የተደፈነ ሲሚንቶ የያዘው አቧራውን እንጂ ግድግዳውን አይደለም።

አሁን ውሃ። ደረቅ ልስን ከመድፈኛው ውስጥ ውሃውን ይመጥበታል፤ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይደርቃል። ስለዚህ ከሥራው አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ የተከፈተውን ቦታ አርጥቡ፣ ልትደፍኑ ስትሉ እንደገና በብሩሽ አርሱት። መርጠብ አለበት፤ ውሃ ማቆር ግን የለበትም። ፊቱ የሚያንጸባርቅ ከሆነ ትንሽ ጠብቁ። ማንጸባረቁ ጠፍቶ ጥቁር ጥቁር ሲል ጊዜው ነው።

ለቆመ ስንጥቅ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ በወንፊት የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ይበቃል። ልስኑ አሮጌና ደካማ ከሆነ ለአራት እጅ አድርጉት። መድፈኛው ከግድግዳው በጣም ከጠነከረ ስንጥቁ ከጎኑ ይከፈታልና። ለእንዲህ ያለ ሥራ ፒፒሲ (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለበት) ሲሚንቶ ጥሩ ነው። ከረጢቱ ውስጥ በእጅ የማይፈርስ ጓል ካለ ሲሚንቶው አርጅቷል፤ ተዉት። አሸዋውን ደግሞ በባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ፈትኑት። ግማሹን አሸዋ ሙሉ፣ ውሃ ጨምሩ፣ በደንብ አናውጡና አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይወርዳል፤ አፈሩ ቀስ ብሎ ከላይ ይተኛል። በኢትዮጵያ ደረጃ መሠረት አፈሩ ከ6 በመቶ ካለፈ አሸዋው ይታጠባል ወይም ይጣላል።

ውሃውን በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። ስትጨብጡት ቅርጹን የሚይዝ፣ በጣታችሁ መሃል የማይፈስ ይሁን። ቀጭን ውሃማ መድፈኛ ለመሥራት ይቀላል፤ ሲደርቅ ግን ይኮማተርና ስንጥቁን እንደገና ይፈጥረዋል። በስፓቱላ ወይም በትንሽ ማንካ ስንጥቁን አቋርጣችሁ ግፉት፤ አየር ውስጥ እንዳይቀር። ከዚያ ስንጥቁን ተከትላችሁ አስተካክሉት። ጥልቀቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ከበለጠ በሁለት ዙር ይሁን። ትንሽ ሲጨብጥ በእርጥብ ስፖንጅ ወይም በፍራታሶ (በልስን ማስተካከያው) የጎረቤቱን ልስን መልክ ስጡት። ሸካራ ግድግዳ መሃል ያለች ልሙጥ መስመር ከቀለም በኋላም ከመንገድ ትታያለች።

ከዚያ ውሃ ማጠጣት። ለትንሽ ስንጥቅ ሦስት ቀን፣ ሰፋ ላለ ልስን አንድ ሳምንት፣ ጠዋትና ማታ። እርጥብ ጆንያ ቢሸፈንበት የተሻለ ነው።

ከ0.3 ሚሊ ሜትር በታች ያሉትን በጣም ቀጭን ስንጥቆች መክፈት አያስፈልግም። አጽድታችሁ ለውጭ ግድግዳ የተሠራ ስቱኮ (እንደ ሊጥ ያለ መሙያ) በስፓቱላ ጫን አድርጋችሁ ሙሏቸው። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት።

"ለውጭ የተሠራ" የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ጋ በጣም የተለመደው ጥፋት የውጭ ስንጥቅን በጀሶ መድፈን ነው። ቶሎ ይደርቃል፣ ይለሰልሳል፣ ርካሽ ነው። ግን ጀሶ በውሃ ይሟሟል፤ አንድ ሊትር ውሃ 2 ግራም ያህል ይዞ ይሄዳል። አንድ ክረምት ሙሉ የሚወርድበትን ውሃ አስቡት። ከዚህ የሚብሰው ቶሎ እንዲይዝ ብሎ ጀሶን ከሲሚንቶ ጋር መቀላቀል ነው። ሁለቱ እርጥበት ባለበት ሲገናኙ እየቆየ የሚያብጥ ነገር ይፈጥራሉ፤ መድፈኛው ራሱ ግድግዳውን ይገፋዋል። ሠራተኛው "እኔ ሁሌ እንዲህ ነው የምሠራው" ቢላችሁም እሺ አትበሉ። ነጩን የእንጨት ኮላ ሲሚንቶ ውስጥ መጨመርም እንዲሁ ነው፤ ውጭ ላይ እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልሳል። ማያያዣ ከፈለጋችሁ ለሲሚንቶና ለውጭ ተብሎ የተሠራውን ጠይቁ።

ለሚንቀሳቀስ ስንጥቅ ሲሚንቶ አይሆንም። የሚለጠጥ ነገር ያስፈልጋል፤ በቱቦ የሚሸጠውና በሽጉጥ የሚወጣው አክሪሊክ ማሸጊያ። ሲሊኮን አትግዙ፤ ተራው ሲሊኮን ላይ ቀለም አይዝም፣ እየሸሸ ይንጠባጠባል። ስንጥቁ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ትንሽ ባነሰ ስፋት ይከፈት። ከሥሩ ቀጭን የስፖንጅ ገመድ ወይም የፕላስተር ቁራጭ አስገቡ። ይህ ለምን? ማሸጊያው ግራና ቀኙን ብቻ ይዞ እንደ ልቡ መለጠጥ አለበት። ወለሉንም ከያዘ በሦስት በኩል ይታሰርና ስንጥቁ ሲሰፋ ይቀደዳል። ጥቁር አፈር ላይ ያለ ቤት ከሆነ ይህን ሥራ ስንጥቁ በሰፋበት ወር፣ ጥር ወይም የካቲት ላይ ሥሩት። ክረምት ሲመጣ ስንጥቁ ይጠብና ማሸጊያው ይታመቃል፤ መታመቅ አይጎዳውም። ሲጠብ ሞልታችሁት ሲሰፋ ግን ይላቀቃል።

የኮለንና የብሎኬት መገጣጠሚያ ላይ ሁነኛው መፍትሔ መረብ ነው። መገጣጠሚያውን መሃል አድርጋችሁ በግራና በቀኝ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ልስኑን አንሱ፣ የማይዝግ የወንፊት ሽቦ ወጥራችሁ ምቱ፣ እንደገና ለስኑ። ወጪና አቧራ አለው። ቤቱ ገና እየተሠራ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ልስን በፊት ይህን መረብ አስገቡ፤ ለአንድ ቤት የሚፈጀው ሽቦ ትንሽ ነው፣ የሚያድነው ግን ብዙ።

የጭቃ ቤት

ጭቃ ቤት ላይ ሲሚንቶ መለሰን ብዙ ቦታ ይታያል። ጭቃው እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጠባል። ሲሚንቶው አይከተለውም። መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ይለቃል፣ ከዚያ ውሃ ከጀርባው ገብቶ እንጨቱን ያበሰብሳል። ለጭቃ ስንጥቅ መድፈኛው ጭቃ ነው። የተነፋ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ለቀናት እርጥብ ሆኖ የቆየ። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ጭቃውን አስሮ ይይዘዋል። ስንጥቁን ክፈቱ፣ አርጥቡ፣ በጣት ጫን እያደረጋችሁ ሙሉ፤ ሲደርቅ እንደገና ቢሰነጠቅ በቀጭን ጭቃ ድገሙት። ከላይ ኖራ ይቀባ። ኖራ ግድግዳው እንዲተነፍስ ይተወዋል፤ የዘይት ቀለም ግን ያፍነዋል።

መቼ ይቀባ?

እኛ ጋ ቤት የሚቀባው ለእንቁጣጣሽ ነው። ነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜን ላይ ቀለም ቀቢ ይወደዳል። ልማዱ ደስ ይላል፤ በዓሉን ንጹሕ ቤት ውስጥ መቀበል ማን ይጠላል። ለውጭ ግድግዳ ግን ከዚህ የባሰ ጊዜ የለም። ግድግዳው የሦስት ወር ዝናብ ጠጥቷል። ለበዓሉ የቤቱን ውስጥ ቀቡ፤ የውጩን ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር አቆዩት። ስንጥቁን ጥቅምት ላይ ብትደፍኑ ኅዳር ላይ ለቀለም ይደርሳል።

በሲሚንቶ የተደፈነ ቦታ ከመቀባቱ በፊት ሦስት አራት ሳምንት መቆየት አለበት። ያልቆየ ሲሚንቶ ውስጡ ኃይለኛ አልካሊ አለ፤ ቀለሙን ያቃጥለዋል፣ መልኩን ያጠፋዋል። አሮጌው ቀለም ላይ መዳፋችሁን አሹት። ዱቄት ከያዘ እጠቡት፤ እጥበት ካልበቃው የሚያጠነክር ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ ሥረ ቀለም) ይቀባ። ጠዋት ጠል ሲደርቅ ጀምሩና ፀሐይ የለቀቀውን ጎን እየተከተላችሁ ቀቡ። ቀትር ላይ የሞቀ ግድግዳ ቀለሙን ሳይሰርግ ያደርቀዋል።

የቀለሙ ዓይነት ሲመረጥ፣ ለውጭ የተሠራ ውሃ ላይ የተመሠረተ ቀለም ከዘይት ቀለም ይሻላል፤ ግድግዳው ውስጥ የቀረ እርጥበት እንዲወጣ ይፈቅዳል። ኳርትዝ ቀለም ወፈር ያለና ሸካራ ስለሆነ የቀጭን ስንጥቅ ጠባሳ ይሸፍናል። የሚንቀሳቀስ ስንጥቅን ግን አያስቆምም።

የተደፈኑት ቦታዎች ከሌላው ግድግዳ የበለጠ ቀለም ይጠጣሉ። በቀጥታ ከቀባችሁ እዚያ እዚያ ቀለሙ ደብዝዞ የጥገናው መስመር በሙሉ ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ እነሱን ብቻ ፕራይመር ቀቡ፤ ሲደርቅ ሙሉውን ግድግዳ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሁለት ጊዜ ቀቡ። መሃል ላይ አቁማችሁ በማግስቱ ብትቀጥሉ መገናኛው ይታወቃል፤ አንዱን ፊት በአንድ ቀን ጨርሱት። ከቀለሙ ትንሽ አስተርፉ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉ፤ ጣሳው ላይ የቀለሙን ቁጥርና የተቀባበትን ወር ጻፉ። በሚቀጥለው ጥር አንዲት መስመር ብትከፈት ለእሷ ሲባል ቤቱ በሙሉ አይቀባም።